ጎጆ ከወጡ በኋላ
(የኤስቶኒያ ኢኮኖሚ ከሶቪየት ኅብረት ከተለየች ወዲህ፤ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተማሪዎች ጉባኤ ላይ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ አገር ነው። አገሪቱ ኤስቶኒያ ትባላለች። የምትገኘው በሰሜን አውሮፓ በባልቲክ ባሕር ዳር ሲሆን፥ በስተ ምሥራቅ ከሩስያ፥ በስተ ደቡብ ከላትቪያ ጋር ትዋሰናለች፤ በስተ ሰሜን ባሕሩን ሲሻገሩ ፊንላንድ ትገኛለች። የቆዳዋ ስፋት ወደ 45,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የሕዝቧም ቍጥር 1,400,000 አይሞላም። ዋና ከተማዋ ታሊን ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አንድ ተማሪ ስለ ሩቅ አገር ሲናገር፥ «ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ይህ ነው፤ በ1991 ሶቪየት ኅብረት የተባለው ታላቅ መንግሥት ሲፈርስ፥ በውስጡ የነበሩት 15 ሪፑብሊኮች እያንዳንዳቸው ጎጆ ወጡ። በአንድ ሕግና በአንድ ገንዘብ ሲተዳደሩ የነበሩ 15 አገሮች በአንድ ዘመን ተለያይተው በየራሳቸው መንገድ መሄዳቸው፥ ኢኮኖሚ ለሚማር ሰው ትልቅ መማሪያ ነው። ከትልቅ ኅብረት የወጣች አገር ትበለጽጋለች ወይስ ትደኸያለች የሚለውን ጥያቄ በወሬ ሳይሆን በተፈጸመ ነገር ልንመረምረው እንችላለን።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ወገን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ጠቅሶ፥ ትንሽ አገር ለብቻዋ ከቆመች ትጠፋለች ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ነጻነት ብቻ ይገኝ እንጂ እንጀራው ተከትሎ ይመጣል ይላል። የእኔ አሳብ ግን ከሁለቱም ይለያል። መለየት በራሱ እንጀራ አይሰጥም፤ በራሱም እንጀራ አይከለክልም። ወጣት ልጅ ጎጆ በወጣበት ቀን ዘፈንና እልልታ ይኖራል፤ ነገር ግን የቤቱ ዕድል የሚወሰነው በዚያ ቀን ዘፈን ሳይሆን፥ ዘር ከየት እንደሚያገኝ፥ እህሉን ለማን እንደሚሸጥ፥ ጣራው በመጀመሪያው ክረምት ሲያፈስ ምን እንደሚያደርግ ነው። የኤስቶኒያም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። ከዚህም ጋር፥ ስለ አገሪቱ መበልጸግ ሲነገር ዋጋውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ አብሮ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ አገሪቱ ወደ ኅብረቱ የገባችበትን ሁኔታ እንመልከት። ኤስቶኒያ በ1918 ነጻነቷን አውጃ ከ20 ዓመት በላይ ራሷን ስታስተዳድር ቆይታለች። በ1940 ግን የሶቪየት ጦር ገብቶ ያዛትና ከኅብረቱ ጋር ተቀላቀለች። ከዚያም ከ1941 እስከ 1944 የጀርመን ጦር ያዛት፤ ጀርመኖች ሲሸነፉ ሶቪየቶች ተመለሱ። በማርች 1949 ብቻ ከ20,000 የሚበልጡ ሰዎች ከቤታቸው ተይዘው ወደ ሳይቤሪያ ተወሰዱ፤ ከዚህም በኋላ የቀሩት ገበሬዎች መሬታቸውን ለጋራ እርሻ እንዲያስረክቡ ተገደዱ። ስለዚህ ይህ ኅብረት አባሎቹ በፈቃዳቸው ከተስማሙበት ማኅበር ጋር የሚተካከል አልነበረም። ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን በአሳባችሁ ያዙት።

በኅብረቱ ውስጥ ምን እንደሚመረትና በምን ዋጋ እንደሚሸጥ የሚወሰነው በአብዛኛው ሞስኮ በነበሩ መሥሪያ ቤቶች ነበር። ከኤስቶኒያ ድንበር ከሚያልፈው ንግድ ከ100 እጅ ከ90 እጅ በላይ የሚሆነው ከሌሎቹ የሶቪየት ሪፑብሊኮች ጋር ይደረግ ነበር። ለምሳሌ በናርቫ ከተማ ክሬንሆልም የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረ። ፋብሪካው በ1857 የተመሠረተ ሲሆን፥ በሶቪየት ዘመን ከ10,000 የሚበልጡ ሠራተኞች ነበሩት። ጥጡ ከመካከለኛው እስያ በባቡር ይመጣል፤ ጨርቁ ተሠርቶ ወደ ሰፊው ኅብረት ይሄዳል። ፈታዩ በአንድ አገር፥ ሸማኔው በሌላ አገር፥ ለባሹ በሦስተኛ አገር ሆኖ ሦስቱንም የሚያገናኝ አንድ አዛዥ አለ ማለት ነው። አዛዡ ሲጠፋ ምን ይሆናል? ጥጥ የሚልክ የለም፤ ጨርቅ የሚገዛም የለም። ከኅብረት የመውጣት ትልቁ የኢኮኖሚ ችግር ይህ ነው።

የኤስቶኒያ ሰዎች ይህን ችግር አስቀድመው ያሰቡበት መሆናቸው ሊመሰገን ይገባል። በሴፕቴምበር 1987፥ ማለት ነጻነት ከመመለሱ አራት ዓመት አስቀድሞ፥ ኤድጋር ሳቪሳር፥ ሲም ካላስ፥ ቲት ማዴና ሚክ ቲትማ የተባሉ አራት ሰዎች ኤስቶኒያ የኢኮኖሚዋን ሥራ ራሷ እንድታስተዳድር የሚጠይቅ ጽሑፍ በጋዜጣ አወጡ። የአሳቡ ስም በአጭሩ ሲጻፍ «ኢሜ» ይባል ነበር፤ ይህም ቃል በቋንቋቸው «ተአምር» ማለት ነው። በ1990 መጀመሪያ የአገሪቱ ባንክ እንደገና ሥራውን ጀመረ። ስለዚህ በኦገስት 20 ቀን 1991 ነጻነት ሲመለስ፥ ቢያንስ ቤቱ እንዴት እንደሚቆም ያሰቡ ሰዎችና አንድ ባንክ ተዘጋጅተው ነበር። ጎጆ የሚወጣ ሰው ማገሩንና ወራጁን ከሠርጉ በፊት ቢቈርጥ ይጠቀማል።

ነገር ግን ዝግጅት ቢኖርም የመጀመሪያው ክረምት ከባድ ነበር። ነዳጅ አነሰ፤ ምግብ በኩፖን ይታደል ጀመር፤ ሰዉ ለዳቦና ለወተት ተሰለፈ። በጃንዋሪ 1992 መንግሥቱ ሥልጣኑን ለቀቀ። አገሪቱ ገና በሩብል ትገበያይ ስለ ነበረና ሩብሉን የሚያትመው ሌላ መንግሥት ስለ ሆነ፥ የዋጋውን መናር ልታቆመው አልቻለችም። በ1992 የዕቃ ዋጋ ከ1,000 በመቶ በላይ ጨመረ። ይህን በቀላሉ ስናሰላው፥ ባለፈው ዓመት በ100 ሩብል የተገዛ ዕቃ በዚህ ዓመት ከ1,100 ሩብል በላይ ጠየቀ ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ለእርጅናው ጥቂት ሩብል ያስቀመጠ ሰው፥ ገንዘቡ ማንም ሳይሰርቀው በመዝገብ ላይ እንዳለ ቀለጠበት።

እዚህ ላይ ኤስቶኒያ የመጀመሪያውን ቍርጥ ውሳኔ አደረገች። በጁን 20 ቀን 1992 ሩብልን ትታ የራሷን ገንዘብ፥ ክሮንን፥ አወጣች። ከቀድሞ የሶቪየት ሪፑብሊኮች መካከል ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። እያንዳንዱ ነዋሪ እስከ 1,500 ሩብል ድረስ 10 ሩብል በ1 ክሮን ሒሳብ እንዲለውጥ ተፈቀደለት፤ ስለዚህ አንድ ሰው አዲሱን ኑሮ የሚጀምረው በ150 ክሮን ነበር። የክሮኑ ዋጋ 8 ክሮን በ1 የጀርመን ማርክ እንዲሆን በሕግ ተወሰነ። ባንኩም ካለው ወርቅና የውጭ ገንዘብ በላይ ክሮን እንዳያትም ተከለከለ፤ ለመንግሥትም እንዳያበድር ታዘዘ። ለመያዣነት ካገለገሉት ነገሮች አንዱ አገሪቱ ከ1940 በፊት በውጭ አገር ባንኮች አስቀምጣው የነበረው ወርቅ ሲሆን፥ ከ11 ቶን በላይ የሚሆነው ተመልሶላት ነበር።

ጓደኞቼ፥ የዚህ ሕግ ጥበቡ ምን ላይ ነው? መንግሥት የራሱን እጅ በራሱ ገመድ ማሰሩ ላይ ነው። ገንዘብ ወረቀት ነው፤ ክብር የሚያገኘው በሚይዙት ሰዎች እምነት ነው። ነጋዴው «ይህ ወረቀት ነገም ዛሬ የሚገዛውን ይገዛል» ብሎ ካላመነ ዕቃውን ከመደብሩ ይደብቃል፤ ካመነ ግን ያወጣዋል። ክሮኑ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዕቃ ወደ ሱቆች ተመለሰ። ዋጋው ወዲያው አልረጋም፤ ዓመታት ፈጅቶ በ1998 የዋጋው ጭማሪ በዓመት ከ10 በመቶ በታች ወረደ። የክሮኑና የማርኩ ሒሳብ ግን በኋላም ማርኩ በዩሮ ሲተካ፥ አገሪቱ ራሷ ዩሮን እስከ ተቀበለችበት እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ድረስ አልተናጋም።

ሁለተኛው ውሳኔ ስለ ገበያ ነው። አሮጌው ገዢ ከጠፋ አዲስ ገዢ መፈለግ ግድ ነው። ከታሊን እስከ ሄልሲንኪ ባሕሩን ለማቋረጥ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የኤስቶኒያና የፊንላንድ ቋንቋዎችም ዘመዳሞች ናቸው። በሶቪየት ዘመን እንኳ የታሊን ሰዎች የፊንላንድን ቴሌቪዥን ይመለከቱ ስለ ነበር፥ በማዶ ያለው ሱቅ ምን እንደሚመስል ያውቁ ነበር። በ1992 በ32 ዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው የታሪክ ምሁር ማርት ላር የመራው መንግሥት፥ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የነበረውን ቀረጥ ከሞላ ጐደል ሁሉንም አነሣ፤ የመንግሥት ፋብሪካዎችን ለውጭ አገር ሰዎችም ጭምር ሸጠ፤ ከ1994 ጀምሮ የገቢ ግብር ለሀብታምም ለድኻም አንድ ዓይነት፥ 26 በመቶ፥ እንዲሆን አደረገ። ሩስያ ከ1994 ጀምሮ በኤስቶኒያ ዕቃ ላይ እጥፍ ቀረጥ ብትጥልም፥ ንግዱ ፊቱን ወደ ፊንላንድ፥ ወደ ስዊድንና ወደ ጀርመን አዙሮ ነበር። ከ1995 ጀምሮ ኢኮኖሚው ማደግ ያዘ።

እስከዚህ ድረስ የሰማነው የምስጋና ታሪክ ነው። አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ። ከ1990 እስከ 1994 ባለው ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በሲሶ ያህል ቀነሰ። የጋራ እርሻዎች ፈርሰው፥ ቀረጥም በመነሣቱ የውጭ አገር ምግብ ገበያውን ስለ ሞላው፥ ብዙ የገጠር ሰው ሥራ አጣ። ጡረተኛው በማይበቃ ጡረታ የክረምቱን የማሞቂያ ዋጋ መክፈል አቃተው። የክሬንሆልም ፋብሪካ ለስዊድን ኩባንያ ተሸጦ እያነሰ እያነሰ ከሄደ በኋላ በ2010 ከሠረ። የናርቫ ሕዝብ አብዛኛው ሩስኛ ተናጋሪ ሲሆን፥ በሶቪየት ዘመን ለፋብሪካ ሥራ ከመጡት ሰዎችና ከልጆቻቸው የሚቈጠር ነው። በአዲሱ ሕግ ከ1940 በኋላ የገቡ ሰዎችና ልጆቻቸው ዜጋ ለመሆን የኤስቶኒያን ቋንቋ ፈተና ማለፍ ነበረባቸው፤ በ1992 ከነዋሪው ሲሶ የሚያህለው ዜግነቱ ያልታወቀ ሆነ። እንግዲህ ሥራም ዜግነትም በአንድ ጊዜ ያጣ ሰው «አገራችን በለጸገች» የሚለውን ንግግር በምን ጆሮ እንደሚሰማው አስቡት።

እዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ። «ቍስል ቶሎ ይፈርጥ፤ ቶሎ ከፈረጠ ቶሎ ይሽራል» የሚሉ ሰዎች የኤስቶኒያን መንገድ ያወድሳሉ። በአብዛኛው እውነት አላቸው፤ ውሳኔውን ያዘገዩ አገሮች ድካማቸው በዝቶ ታይቷል። ለምሳሌ ዩክሬን በዲሴምበር 1991 በተደረገው የሕዝብ ድምፅ ከ90 በመቶ በላይ ድጋፍ አግኝታ ተለየች። መሬቷ ለም፥ ፋብሪካዎቿም ብዙ ነበሩ። ነገር ግን ባንኩ ለመንግሥትና ለከሠሩ ፋብሪካዎች ገንዘብ ማተሙን ስላላቆመ በ1993 የዋጋው ጭማሪ ከ10,000 በመቶ አለፈ፤ የሚጸና የራሷን ገንዘብ፥ ህሪቭኒያን፥ ያወጣችው በ1996 ነው። ሁለቱም አገሮች ከአንድ ቤት በአንድ ዓመት ወጡ፤ ዕድላቸው ግን ተለያየ። ስለዚህ ዕድልን የወሰነው መውጣቱ ብቻ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ቶሎ መሻር ማለት ሁሉም እኩል ሻረ ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ሦስተኛው ውሳኔ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው፤ እርሱም የትምህርት ነው። በ1996 ፕሬዚዳንት ሌናርት ሜሪ «የነብር ዝላይ» የሚባለውን ዕቅድ ለሕዝብ አስታወቁ። የዕቅዱ አሳብ በአገሪቱ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ሁሉ፥ የገጠሩንም ጭምር፥ ኮምፒዩተር መስጠትና ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት፥ መምህራኑንም ማሠልጠን ነበር። አገሪቱ በዚያን ጊዜ ድኻ ነበረች። ጡረተኛው ተቸግሮ ሳለ ለልጆች ኮምፒዩተር መግዛት ምን ይባላል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ዕዳውን የከፈለው ትልቁ ትውልድ ስለ ሆነ፥ ትርፉ የልጆቹ ካልሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትምህርት ቤቶቹ ተገናኙ፤ በሺህ የሚቈጠሩ መምህራን ሠለጠኑ።

ፍሬውም ታየ። በ2003 በኢንተርኔት የሚያነጋግረውን ስካይፕን አንድ የስዊድን ሰውና አንድ የዴንማርክ ሰው ሲመሠርቱ፥ የፕሮግራሙን ሥራ የሠሩት የኤስቶኒያ መሐንዲሶች ነበሩ። አገልግሎቱ በ2025 ቢዘጋም፥ በዚያ የሠለጠኑና ገንዘብ ያገኙ ሰዎች ሌሎች ኩባንያዎችን አቋቁመዋል። የ15 ዓመት ተማሪዎች ዕውቀት በብዙ አገሮች በተፈተነበት በ2018 ምርመራ፥ የኤስቶኒያ ተማሪዎች በንባብም፥ በሒሳብም፥ በሳይንስም ከአውሮፓ አገሮች ሁሉ አንደኛ ሆኑ። በ1993 ወደ 1,000 ክሮን፥ ማለት 70 ዩሮ የማይሞላ የነበረው አማካይ የወር ደመወዝ፥ በ2024 ወደ 2,000 ዩሮ ተጠግቷል። በዚህ መካከል ዋጋውም ብዙ ጊዜ እጥፍ ስለ ጨመረ ልዩነቱ ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ቢሆንም ኑሮው እንደ ተሻሻለ የሚክድ የለም።

አሁን አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር ልናገር። ከአንድ ኅብረት ለመውጣት ይህን ያህል የደከመች አገር በሜይ 1 ቀን 2004 ወደ ሌላ ኅብረት፥ ወደ አውሮፓ ኅብረት፥ ገባች። ይህ አሳብ መለዋወጥ ነውን? አይደለም። በመጀመሪያው ኅብረት ውስጥ ጦር አስገባት፤ ወደ ሁለተኛው ግን በ2003 በተደረገ የሕዝብ ድምፅ ሁለት ሦስተኛው መራጭ ተስማምቶ ገባች። የመጀመሪያው ከዓለም ገበያ ዘጋት፤ ሁለተኛው ገበያ ከፈተላት። እንግዲህ «ድር ቢያብር» የሚለው ተረት ውሸት አልነበረም፤ ድሩ ግን በፈቃዱ ሲያብር ነው።

በዚህ ምክንያት የኤስቶኒያን ምሳሌ ለሌላው ሁሉ ሳይመረምሩ መስጠት አይገባም። ብሪታንያ በ2016 በተደረገው ድምፅ 51.9 በመቶ የሚሆነው መራጭ መውጣትን ስለ ደገፈ፥ በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ከአውሮፓ ኅብረት ወጣች። እርሷ የተለየችው ግን ከተዘጋ ቤት ሳይሆን ከተከፈተ ገበያ ነው። የመንግሥቱን ሒሳብ የሚመረምረው ነጻ መሥሪያ ቤቷ፥ በመውጣቷ ምክንያት የአገሪቱ የማምረት ችሎታ በረጅም ጊዜ ውስጥ ባትወጣ ኖሮ ከሚደርስበት በ4 በመቶ ያህል እንደሚያንስ ገምቷል። ስለዚህ አንዲት አገር ከኅብረት ልትወጣ ስታስብ፥ የምትወጣበት ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደ ሆነና በደጅ ምን ገበያ እንደሚጠብቃት አስቀድማ መጠየቅ አለባት።

ደግሞም ጎጆ የወጣ ሰው ዘላለም አይበርደውም ማለት አይደለም። በ2009 በዓለም ላይ የገንዘብ ችግር በደረሰ ጊዜ የኤስቶኒያ ምርት በአንድ ዓመት በ14 በመቶ ያህል ወደቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ከአምስት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበረ። በ2022 የዋጋው ጭማሪ ከ19 በመቶ በላይ ሆኖ፥ በዩሮ ከሚገበያዩት አገሮች ሁሉ በለጠ። ከ1989 ወዲህም የሕዝቡ ቍጥር ወደ 200,000 በሚጠጋ ቀንሷል፤ አንዳንዱ ወደ ሩስያ ተመለሰ፥ አንዳንዱ ሥራ ፍለጋ ወደ ፊንላንድና ወደ ሌላ አገር ሄደ፥ የሚወለደውም ከሚሞተው አነሰ። ከዚህም ሌላ፥ የኤስቶኒያ የኤሌክትሪክ መሥመር ከሩስያ መሥመር ተለይቶ ከአውሮፓ ጋር የተያያዘው በፌብሯሪ 2025 ነው። ነጻነት በአንድ ቀን ታወጀ፤ የመጨረሻዎቹን ሽቦዎች ለመፍታት ግን ከ33 ዓመት በላይ ፈጀ።

የተከበራችሁ አድማጮች፥ የንግግሬን ፍሬ ነገር በአጭሩ ልሰብስብ። ከኅብረት የምትለይ አገር ሦስት ነገር ያስፈልጋታል፤ ሕዝቡ የሚያምነው ገንዘብ፥ በአሮጌው ፋንታ የሚቆም አዲስ ገበያ፥ በገጠር ላለው ልጅ ሳይቀር የሚደርስ ትምህርት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብልኅ መንግሥት በጥቂት ዓመታት ሊያዘጋጃቸው ይችላል። ሦስተኛው ግን የአንድ ትውልድ ሥራ ነው፤ ፍሬውንም የዘሩት ሰዎች ላያዩት ይችላሉ።

ለጓደኞቼ ለተማሪዎች አንድ ቃል ጨምሬ ላብቃ። ወደ ፊት ከእናንተ መካከል የባንክ ሠራተኛ፥ ነጋዴ፥ መምህር፥ የመንግሥት ሹም የሚሆን ይኖራል። የአገር ዕድገት የሚነገርበት መጽሐፍ ወይም ሪፖርት በእጃችሁ ሲገባ፥ ስንት በመቶ አደገ ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ዋጋውን ማን ከፈለ፥ ትርፉስ ለማን ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ። የናርቫ ሸማኔና በሩብል የቈጠበው ሽማግሌ በሒሳቡ ውስጥ ካልተጻፉ ሒሳቡ ጐደሎ ነው። በዚህ አዳራሽ የተቀመጡት ወላጆቻችንም እኛ እንድንማር ከራሳቸው ቀንሰው የከፈሉ ናቸውና፥ ይህን ዓይነቱን ሒሳብ ከማንም ይልቅ ያውቁታል።